የተከፈተ ኮድ፣ የጠበበ ፈቃድ፦ የክፍት ሶፍትዌሮች ፈቃድ ለውጥ ታሪክና ለጤና ሥራ ያለው ትርጉም

መግቢያ

አንድ ታካሚ ወደ ሆስፒታል መጥቶ በካርድ ክፍል ሲመዘገብ፣ መዝጋቢዋ በስክሪኑ ላይ የምታየው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ የሚሞላበትን ቅጽ ብቻ ነው። ከቅጹ በስተጀርባ ግን መረጃውን የሚያከማች ዳታቤዝ፣ የተከማቸውን ፈልጎ የሚያቀርብ ሌላ ፕሮግራም፣ ሁሉንም ተሸክሞ የሚያሠራ ሥርዓተ ክወና አለ። ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ክፍሎች አንዳንዶቹ በተለያዩ አገሮች በሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ፣ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው፣ ውስጣቸውን እንዲመረምርና እንዲያሻሽላቸው የተፈቀዱ ናቸው። በጀቱ ለመድኃኒትና ለላቦራቶሪ ዕቃ እንኳ በማይበቃበት የጤና ተቋም እንዲህ ያለ ፈቃድ ትልቅ ሀብት ነው።

ይሁን እንጂ ከ2018 ጀምሮ፣ እነዚህን የመሰሉ ሶፍትዌሮች የሚያዘጋጁ ታዋቂ ኩባንያዎች ቀድሞ የሰጡትን ፈቃድ እያከታተሉ አጠበቡ። በነፃነቱ ምክንያት በዓለም የተሠራጨ ሶፍትዌር፣ ከተሠራጨና ከተወደደ በኋላ ገደብ ተጣለበት። ይህ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የታካሚዎቹን የብዙ ዓመት መዝገብ በአንድ ሶፍትዌር ውስጥ የሚያኖር ተቋም፣ ያ ሶፍትዌር ነገ በማን ፈቃድ እንደሚቆይ ሊያውቅ ይገባዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የለውጡን ታሪክ ከመነሻው መቃኘትና አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ በነፃ የተሰጠ ሶፍትዌር ኋላ ሲጠብብ፣ ሌላው ግን ለአሥርት ዓመታት ክፍት ሆኖ የሚቆየው በምን ምክንያት ነው? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀመሩና እንክብሉ

ለጤና ባለሙያ ጉዳዩን በመድኃኒት ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል። አንድ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው፣ ለሰው ግን የማይነበበው መልክ ነው፤ ይህ ተሠርቶ እንዳለቀ እንክብል ሊቆጠር ይችላል። ሁለተኛው ፕሮግራም አዋቂ ጽፎት፣ ሌላው ባለሙያ አንብቦ የሚረዳው ምንጭ ኮድ ነው፤ ይህ የመድኃኒቱ ቀመርና የአሠራር መመሪያ እንደማለት ነው። እንክብሉን ብቻ የያዘ ሰው ይገለገልበታል እንጂ ጉድለቱን አያርምም፤ አቅራቢው ቢጠፋ ሌላ መሥራት አይችልም። ቀመሩን የያዘ ግን ዕውቀቱ ካለው ሁሉንም ያደርጋል።

ምንጭ ኮድ እንደ ማንኛውም ድርሰት በቅጂ መብት ይጠበቃል። ባለመብቱ ካልፈቀደ በቀር ሌላው ሊያባዛውና ሊያሠራጨው አይችልም። ክፍት ሶፍትዌርን ክፍት የሚያደርገውም ባለመብቱ ከኮዱ ጋር አያይዞ የሚሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። ፈቃዶቹ በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ ቢኤስዲና አፓቺ የሚባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው፣ የደራሲውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ከመጠበቅ በቀር እምብዛም ግዴታ አይጥሉም፤ ተቀባዩ ኮዱን በተዘጋ የንግድ ምርት ውስጥ እንኳ ሊያስገባው ይችላል። ሁለተኛዎቹ፣ ጂፒኤል ዋነኛው ምሳሌ ነው፣ ኮዱን አሻሽሎ የሚያሠራጭ ሁሉ ማሻሻያውንም በዚያው ፈቃድ ለሌላው እንዲያካፍል ያስገድዳሉ።

በሁለቱም ወገን አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። በነዚህ ፈቃዶች የወጣ አንድ እትም፣ ተቀባዩ ግዴታውን እስካከበረ ድረስ በእጁ ይጸናል። ባለመብቱ ግን ቀጣዩን እትም በሌላ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። የትናንቱ ክፍት ሆኖ የነገው ይዘጋል። ይህ ለሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1923 ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የኢንሱሊንን ፓተንት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አስተላለፉ፤ ዓላማቸውም ማንም ብቻውን እንዳይቆጣጠረው ነበር። የመጀመሪያው ግኝት በዚህ መንገድ ቢጠበቅም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጡት የተሻሻሉ የኢንሱሊን ዓይነቶች በኩባንያዎች ፓተንት ሥር ሆነው ለገበያ ቀረቡ። የሶፍትዌሩም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የነፃው ሶፍትዌር አነሳስ

በኮምፒውተር የመጀመሪያ ዘመን ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ሸቀጥ አልነበረም፤ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። በ1969 አይቢኤም የተሰኘው ኩባንያ የሶፍትዌርን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ እንደሚለይ አስታወቀ። በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ፕሮግራሞችን በግልጽ እንዲያካትት ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ምንጭ ኮድን ደብቆ መሸጥ የተለመደ አሠራር ሆነ።

ይህን የተቃወመው ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባልደረባ ሳለ፣ በ1983 ግኑ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት መነሳቱን አስታወቀ። በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን መሠረተ፤ የጂፒኤል የመጀመሪያ እትምም በ1989 ወጣ። በ1991 ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለሕዝብ ሲለቅ፣ የመጀመሪያው ፈቃዱ በገንዘብ ማሠራጨትን የሚከለክል ነበር፤ በዓመቱ በ1992 ግን ወደ ጂፒኤል አዛወረው። ፈቃድ የሚለወጠው ወደ ማጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ይህ የሚያስታውስ ነው።

በ1998 የክፍት ምንጭ ኢኒሼቲቭ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቁሞ፣ አንድ ፈቃድ ክፍት ለመባል የሚያሟላቸውን አሥር መስፈርቶች አጸደቀ። ለኋላው ክርክር መነሻ የሆነው ስድስተኛው መስፈርት ነው፦ ፈቃዱ በሥራ መስክ ሊያዳላ አይችልም። አንድ ሶፍትዌር ለምርምር ይፈቀዳል ለንግድ ይከለከላል፣ ለሁሉም ይፈቀዳል ለተወዳዳሪዬ ይከለከላል ከተባለ በዚህ መለኪያ ክፍት አይደለም።

ከራዲዮሎጂ ክፍል የወጣ ምሳሌ

ከታወቁት የፈቃድ ለውጦች ቀደም ብሎ፣ ለሕክምና ባለሙያ የቀረበ አንድ ምሳሌ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ራዲዮሎጂስት አንትዋን ሮሴት ከኦስማን ራቲብ ጋር ሆኖ ኦሲሪክስ የተባለ የሕክምና ምስል ማያ ፕሮግራም ሠራ፤ በ2004ም በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሞ ተዋወቀ። ፕሮግራሙ በዳይኮም ሥርዓት የተቀመጡ የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስሎችን በማኪንቶሽ ኮምፒውተር ላይ በሦስት አቅጣጫ ያሳይ ነበር። በወቅቱ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጡ የሥራ ጣቢያዎች ዋጋቸው ከብዙ ክፍሎች አቅም በላይ ስለነበር፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነው ኦሲሪክስ በራዲዮሎጂስቶችና በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ በፍጥነት ተለመደ።

በ2010 ፒክስሜኦ የተባለ ኩባንያ በጄኔቫ ተቋቋመ፤ በሕክምና መሣሪያነት ዕውቅና ያገኘውን እትምም መሸጥ ጀመረ። ከጊዜ በኋላ በነፃ የሚገኘው እትም ውስንና ለሕክምና ውሳኔ የማይፈቀድ የማሳያ እትም ሆነ፤ የአዲሶቹ እትሞች ምንጭ ኮድም ለሕዝብ መውጣቱ ቀረ። ለዚህ ምክንያት አልነበረም ማለት አይቻልም። አንድ ሶፍትዌር በሕክምና መሣሪያነት እንዲመዘገብ ሰነድ፣ ምርመራና ተከታታይ ክትትል ያስፈልገዋል፤ ይህም ወጪ አለው።

ሆኖም ቀድሞ የወጣው ኮድ በክፍት ፈቃድ የተሰጠ ስለነበር ማንም መልሶ ሊወስደው አልቻለም። በ2015 ሌሎች ባለሙያዎች ያንኑ ኮድ መሠረት አድርገው ሆሮስ የተባለ ነፃ የምስል ማያ አወጡ። እንዲህ ከነባር ኮድ ተነስቶ በሌላ ስምና በሌላ እጅ የሚቀጥል ሥራ በሙያው ቋንቋ ፎርክ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ቅርንጫፍ ተብሏል። ኋላ በታላላቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ የሆነው ሁሉ በዚህ ትንሽ ታሪክ ውስጥ አስቀድሞ ታይቶ ነበር፦ ክፍት ጅምር፣ ሰፊ ተቀባይነት፣ የገንዘብ ፍላጎት፣ የተዘጋ እትም፣ በመጨረሻም ቅርንጫፍ።

ክላውድና የኩባንያዎቹ ቅሬታ

ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሶፍትዌርን ገዝቶ በራስ ማሽን ላይ ከመጫን ይልቅ በኢንተርኔት በኩል ተከራይቶ መገልገል ተስፋፋ። ክላውድ የሚባለው ይህ አሠራር የክፍት ሶፍትዌር ኩባንያዎችን ሒሳብ አዛባ። እነርሱ ኮዱን በነፃ ሰጥተው ገቢያቸውን ከድጋፍ፣ ከሥልጠናና ከተጨማሪ አገልግሎቶች ለማግኘት አስበው ነበር። እንደ አማዞን ያለ ግዙፍ የክላውድ ድርጅት ግን ያንኑ ነፃ ኮድ በራሱ ማሽኖች ላይ ጭኖ፣ በራሱ ዋጋ አከራየ። ፈቃዱ ስለሚፈቅድ ሕግ አልጣሰም፤ ደራሲዎቹ ግን ሥራው የእኛ፣ ትርፉ የሌላ ሆነ አሉ።

ቅሬታው ሐሰት አልነበረም። መሐንዲሶች ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነውም በሰው ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ግፊት ነበር። እነዚህ ኩባንያዎች ከባለሀብቶች ብዙ ገንዘብ ተቀብለው ያደጉ፣ ኋላም ወደ አክሲዮን ገበያ የገቡ ናቸው፤ ሞንጎዲቢ በ2017፣ ኢላስቲክ በ2018፣ ሃሺኮርፕ በ2021። ኮዱን ከጻፈው ሰው ሌላ ትርፍ የሚጠብቅ ባለአክሲዮን ሲመጣ፣ ለሁሉ ክፍት የሆነ ፈቃድ ያልተሰበሰበ ገቢ መስሎ መታየት ይጀምራል።

የለውጡ ሰንሰለት

ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ በ2009 ሲወጣ ኤጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ ይዞ ነበር። ይህ ፈቃድ የተሻሻለውን ፕሮግራም በኢንተርኔት አገልግሎትነት የሚያቀርብ ሰው የማሻሻያውን ኮድ እንዲያካፍል ያስገድዳል። በኦክቶበር 2018 ኩባንያው ኤስኤስፒኤል የተባለ አዲስ ፈቃድ ጽፎ ተካው። በአዲሱ መሠረት ሞንጎዲቢን በአገልግሎትነት ለሌላው የሚያቀርብ ሁሉ፣ አገልግሎቱን ለማስኬድ የሚጠቀምበትን ተጓዳኝ ሶፍትዌር ኮድ በሙሉ፣ የመቆጣጠሪያውንና የመጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጫውን ጭምር፣ እንዲገልጥ ይገደዳል። ይህ ግዴታ ለክላውድ ድርጅት በተግባር ከክልከላ የማይለይ ነው።

ኩባንያው ፈቃዱን ለክፍት ምንጭ ኢኒሼቲቭ አቅርቦ ዕውቅና ጠየቀ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ግን በማርች 2019 ጥያቄውን አነሳ። ፌዶራ ፈቃዱን ነፃ አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ሬድ ሃትም ሞንጎዲቢን በአዲሱ የሊኑክስ እትሙ ውስጥ ሳያካትት ቀረ። አማዞን በበኩሉ በጃንዋሪ 2019 ከሞንጎዲቢ ጋር ተግባቢ የሆነ የራሱን ዳታቤዝ አወጣ። ፈቃዱ ሊያግደው የታሰበው ድርጅት በሌላ መንገድ አለፈ ማለት ነው።

በዚያው 2018 ሬዲስ ላብስ በአንዳንድ ተጨማሪ ክፍሎቹ ላይ፣ ኮንፍሉየንትም እንዲሁ፣ ገደብ ጣሉ። ሆኖም ብዙ ሰው ያነጋገረው የኢላስቲክሰርች ጉዳይ ነበር። ይህን የፍለጋ ፕሮግራም የጀመረው ሻይ ባኖን ነው። ባለቤቱ በለንደን የምግብ ዝግጅት ስትማር የምግብ አሠራር ጽሑፎችን የምትፈልግበት ፕሮግራም ለመሥራት መነሳቱ የሥራው ጅማሬ እንደሆነ ይነገራል። በ2010 የወጣው ኢላስቲክሰርች በአፓቺ ፈቃድ ለሁሉም ክፍት ነበር። አማዞን በ2015 በዚሁ ስም የሚጠራ አገልግሎት ከፈተ፤ በስሙ አጠቃቀም ላይም ክርክር ተነሳ። በጃንዋሪ 2021 ኢላስቲክ ከዚያ በኋላ የሚወጡት እትሞች በኤስኤስፒኤልና በራሱ በኢላስቲክ ፈቃድ እንጂ በአፓቺ እንደማይሰጡ አስታወቀ። የክፍት ምንጭ ኢኒሼቲቭም በዚያው ወር ኤስኤስፒኤል ክፍት ፈቃድ እንዳልሆነ በይፋ ገለጸ።

ቀጣዩ ሃሺኮርፕ ነው። በሚቸል ሃሺሞቶና በአርሞን ዳድጋር በ2012 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ፣ ሰርቨሮችን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚያደራጀውን ቴራፎርምን በ2014 አወጣ። ኦገስት 10 ቀን 2023 ከሞዚላ ሕዝባዊ ፈቃድ ወደ ቢኤስኤል ተዛወረ። ቢኤስኤል አስቀድሞ በማሪያዲቢ ኩባንያ የተጀመረ ፈቃድ ሲሆን፣ ኮዱ ለማንበብ ክፍት ሆኖ በሥራ ላይ መዋሉ የተገደበ ነው፤ እያንዳንዱ እትም ቢዘገይ በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ክፍት ፈቃድ ይመለሳል። በሃሺኮርፕ አጠቃቀም ገደቡ ያረፈው ከኩባንያው ጋር በሚወዳደሩ ላይ ነበር። ማን ተወዳዳሪ እንደሆነ የሚለየው መስመር ግን ግልጽ ሆኖ አልታያቸውም፤ በቴራፎርም ላይ ሥራቸውን የመሠረቱ ብዙዎች ሰጉ።

በመጨረሻ የሬዲስ ተራ ደረሰ። ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2009 ያወጣው ይህ ፈጣን የመረጃ ማቆያ ቀላል በሆነው የቢኤስዲ ፈቃድ ለ15 ዓመታት ቆየ። ማርች 20 ቀን 2024 የስሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ቀጣዮቹ እትሞች በሁለት ገዳቢ ፈቃዶች እንደሚወጡ አስታወቀ። ሳንፊሊፖ በዚያን ጊዜ ከሥራው ከተለየ አራት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

የቅርንጫፎቹ ምላሽ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የተበተኑ የሚመስሉ ተጠቃሚዎች ተሰባሰቡ። አማዞን የመጨረሻውን ክፍት የኢላስቲክሰርች እትም ወስዶ በ2021 ኦፕንሰርች የተባለውን ቅርንጫፍ መሠረተ፤ በ2024ም ለሊኑክስ ፋውንዴሽን አስረከበው። ከሃሺኮርፕ ለውጥ በኋላ ብዙ ኩባንያዎችና ግለሰቦች ተባብረው ኦፕንቶፉን አቋቋሙ፤ በሴፕቴምበር 2023 በዚያው ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ገባ። የሬዲስ ቅርንጫፍ ቫልኪ ደግሞ ከማስታወቂያው ስምንት ቀን በኋላ፣ ማርች 28 ቀን 2024 ይፋ ሆነ፤ አማዞን፣ ጉግልና ኦራክል ከደጋፊዎቹ መካከል ነበሩ።

ይህ ግን ድሃው ባለጸጋውን ድል የነሳበት ታሪክ ተደርጎ መተረክ የለበትም። የኦፕንሰርችና የቫልኪ ዋና አቅም የመጣው ቅሬታው ከተነሳባቸው ከእነዚያው ግዙፍ የክላውድ ድርጅቶች ነው። ቅርንጫፍ የሚጸናው የሚንከባከበው መሐንዲስና የሚከፍለው ተቋም ሲኖር ነው። ግዙፍ ደጋፊ የሌለው፣ በጥቂት ክሊኒኮች ብቻ የሚታወቅ ሶፍትዌር ቢዘጋ፣ ሕጉ ቅርንጫፍ ማውጣትን ቢፈቅድም የሚያወጣው ሰው ላይገኝ ይችላል።

ከኩባንያዎቹም አንዳንዶቹ ወደኋላ ተመልሰዋል። ኢላስቲክ በኦገስት 2024 ኤጂፒኤልን እንደ አንድ አማራጭ ጨመረ። ሳንፊሊፖ በ2024 መገባደጃ ወደ ሬዲስ ተመለሰ፤ በሜይ 2025 የወጣው ስምንተኛው እትምም ኤጂፒኤልን በአማራጭነት ይዞ መጣ። ሃሺኮርፕ በበኩሉ በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ለአይቢኤም እንደሚሸጥ በአፕሪል 2024 ተገለጸ፤ ግዢውም በ2025 ተጠናቀቀ። ፈቃዱ መመለሱ መልካም ቢሆንም፣ በመካከሉ የቆዩት ዓመታት ተጠቃሚውን አንድ ነገር አስተምረዋል፦ አንድ ባለመብት አጥብቦ ያሰፋውን እንደገና ሊያጠብበው ይችላል።

ልዩነቱ ከምን መጣ?

ለመግቢያው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከፈቃዱ ስም ይልቅ የቅጂ መብቱ በማን እጅ እንዳለ በመመርመር ነው። ኢላስቲክና ሃሺኮርፕ ኮድ የሚያበረክት የውጭ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስምምነት እንዲፈርም ይጠይቁ ነበር። በስምምነቱ መሠረት ኩባንያው የተበረከተውን ኮድ በሌላ ፈቃድ የማውጣት መብት ያገኛል። ስለዚህ ፈቃዱን ለመለወጥ የአንድ ጽሕፈት ቤት ውሳኔ በቂ ሆነ። በሬዲስ ዘንድ እንዲህ ያለ ፊርማ አላስፈለገም፤ የቢኤስዲ ፈቃድ ራሱ ኮዱን በተዘጋ ምርት ውስጥ ማካተትን ስለሚፈቅድ በሩ ቀድሞውኑ ክፍት ነበር።

የሊኑክስ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እያንዳንዱ አበርካች የጻፈውን ኮድ መብት ይዞ ይቆያል፤ ፈቃዱም ጂፒኤል ነው። ባለመብቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ በመሆናቸው ሁሉንም አግኝቶ ማስማማት በተግባር አይቻልም። ስለዚህ ማንም ብቻውን ሊዘጋው አልቻለም። ፖስትግረስ የተባለው ዳታቤዝም እንደ ሬዲስ ቀላል ፈቃድ ቢኖረውም፣ አንድ ኩባንያ የማይቆጣጠረው፣ ልማቱ በብዙ ድርጅቶች ሠራተኞች መካከል የተከፋፈለ በመሆኑ እስካሁን ክፍት ሆኖ ቆይቷል።

ከጤናው ዘርፍ የሚገኘው ንጽጽር ይህን ያጠናክራል። ኦፕንኤምአርኤስ የተባለው የታካሚ መዝገብ ሥርዓት በ2004 የሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩትና ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ ባልደረቦች ባደረጉት ትብብር፣ በኬንያ ኤልዶሬት ከሚካሄደው የኤችአይቪ ክትትል ሥራ ጋር ተያይዞ የተወለደ ነው። ዛሬ የሚሰጠው በሞዚላ ሕዝባዊ ፈቃድ ነው፤ ከቀድሞው ቴራፎርም ጋር አንድ ዓይነት ፈቃድ ማለት ነው። የሁለቱ የፈቃድ ጽሑፍ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው በአክሲዮን ገበያ በተመዘገበ ኩባንያ እጅ ነበር፤ ሌላው የሚመራው ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ነው።

ዲኤችአይኤስ 2ም ተመሳሳይ ምሳሌ ነው። መነሻው በ1990ዎቹ ከአፓርታይድ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው የወረዳ ጤና መረጃ ሥራ ሲሆን፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት አድጎ በቢኤስዲ ፈቃድ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ከጤና ተቋማት የሚሰበሰበውን መደበኛ ሪፖርት ለማጠናቀር ሥራ ላይ አውሎታል። በጤና ጣቢያ ወርኃዊ ሪፖርት የሚያስገባ ባለሙያ ሁሉ፣ ስሙን ባያስተውለውም፣ የክፍት ፈቃድ ተጠቃሚ ነው። የቢኤስዲ ፈቃድ ለብቻው ከመጥበብ እንደማይከላከል የሬዲስ ታሪክ አሳይቷል፤ ዲኤችአይኤስ 2ን እስካሁን ያጸናው ባለመብቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ መሆኑና ሥራው በጥናትና በልማት ድጋፍ መካሄዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መታየት አለበት። ዲኤችአይኤስ 2 መረጃውን የሚያኖረው በፖስትግረስ ነው፤ በብዙ ሰርቨሮች ተቀናጅቶ ሲሠራም ሬዲስን እንዲጠቀም የሚያስችል አሠራር ተዘጋጅቶለታል። ስለዚህ የጤናው ሶፍትዌር ራሱ ክፍት ሆኖ ቢቆይም፣ ከሥሩ ያለው አንድ ክፍል በሩቅ አገር በተላለፈ ውሳኔ ሊነካ ይችላል። ሕመሙ በአንድ ብልት ጀምሮ በሌላው እንደሚሰማው ሁሉ፣ የፈቃድ ለውጥም በተያያዙት ክፍሎች በኩል ይተላለፋል።

ለጤና ባለሙያው ምን ይላል?

ሥጋቱን በልኩ ማየት ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩን ለራሱ ሥራ ብቻ የሚገለገል ሆስፒታል በተጠቀሱት ገዳቢ ፈቃዶች በአብዛኛው አይከለከልም፤ ክልከላው ያነጣጠረው አገልግሎቱን ለሌላው በሚያከራይ ላይ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በተዘዋዋሪ ነው። ለብዙ ክሊኒኮች መዝገብ የሚያስተናግድ አገር በቀል ድርጅት ከአከራዮቹ ወገን ሊቆጠር ይችላል። ከለውጡ በፊት የወጣው እትም በነፃነቱ ቢቆይም፣ የደኅንነት ጥገናው ሲቋረጥ ጊዜው እንዳለፈበት መድኃኒት ይሆናል፤ ሳጥኑ ሙሉ ነው፣ መተማመኛው ግን የለም። የታካሚ ምሥጢር በተቀመጠበት ማሽን ላይ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ስለዚህ የመረጃ ሥርዓት ሲመረጥ በኮሚቴው ውስጥ የሚቀመጥ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የጤና መረጃ ባለሙያ ከዋጋው ሌላ ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል። የኮዱ የቅጂ መብት በአንድ ኩባንያ እጅ ነው ወይስ በብዙዎች? ባለመብቱ ለትርፍ የቆመ ነው ወይስ የሕዝብ ተቋም? የታካሚዎች መረጃ በታወቀ ሥርዓት፣ ለምስል እንደ ዳይኮም ባለ፣ ተሟልቶ ሊወጣ ይችላል? ሶፍትዌሩ ቢዘጋ ጥገናውን የሚቀጥል ባለሙያ በአገር ውስጥ አለ? ከሥሩ ያሉት ክፍሎች ዝርዝርና የየአንዳንዳቸው ፈቃድ ተመዝግቧል? ነፃ ነው የሚለው መልስ ለእነዚህ ጥያቄዎች ምላሽ አይሆንም።

ከጥያቄው በተጨማሪ ድርሻም አለ። ዝም ብሎ የሚቀበል ተጠቃሚ ፈቃዱ ሲለወጥ የሚያደርገው የለውም። ጉድለት የሚጠቁም፣ ቅጾችን በአገር ቋንቋ የሚተረጉም፣ ወጣት ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ተቋም ግን ቅርንጫፍ ማውጣት ቢያስፈልግ ከባለቤቶቹ አንዱ ሆኖ ይገኛል።

ማጠቃለያ

ከ1983 ጀምሮ ያለው ታሪክ የሚያሳየው፣ ክፍት ሶፍትዌር ከደግነት ብቻ እንዳልቆመ ነው። ኦሲሪክስን፣ ኢላስቲክሰርችን ወይም ሬዲስን የጀመሩት ሰዎች ሥራቸውን ሲሰጡ ቅንነታቸውን የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። ሆኖም ሰው ከሥራው ይለያል፣ ኩባንያ ይሸጣል፣ ባለአክሲዮን ይለወጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለተጠቃሚው የቀረለት በተጻፈው ፈቃድ የተረጋገጠለት ያህል ብቻ ነበር፤ ሆሮስ፣ ኦፕንሰርችና ቫልኪ ሊኖሩ የቻሉትም በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ብሂል የጤና ባለሙያ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ በካርዱ ላይ ያልሰፈረ ሕክምና ለተረኛው ሐኪም እንዳልተደረገ ይቆጠራልና። በፀረ ኤችአይቪ ወይም በስኳር ሕክምና ላይ ያለ ሰው መዝገብ ዕድሜ ልኩን አብሮት ሊዘልቅ ይገባል። ያን መዝገብ የሚሸከመው ሶፍትዌር በማን መብት ሥር እንደሆነ መጠየቅም እንግዲህ የታካሚውን አደራ ከመጠበቅ የሚቆጠር ሥራ ነው።